ቆርቆሮውን ቸነከርነው እንጂ አላሰርነውም

በልግ ሲገባ በዶዮገናና በአካባቢዋ ደጋ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣውን ነፋስ የማያውቅ የለም። ደመናው ይጠቁራል፤ አቧራው ይነሣል፤ ከዚያም ቆርቆሮ መንኳኳት ይጀምራል። አዲሱ ሕንጻ ብዙ ጊዜ ይችለዋል። የሚጎዳው አሮጌው ነው፤ በተለይም ከብዙ ዓመት በፊት በሕዝብ መዋጮ ከጭቃና ከባሕር ዛፍ የተሠራው መማሪያ ክፍል። ጣራው ከተነሣ በኋላ የሚባለው ደግሞ ያው አንድ ነው፤ «የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረግ?» ነፋሱስ የእግዜር ይሁን፤ ሚስማሩ ግን የእኛ ነው።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ስስ ቆርቆሮ ቢመዝን 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ግን፣ አየሩ ሳሳ ባለበት በእኛ ደጋ እንኳ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ኀይል አለው። ነፋሱ በጣራው ላይ ሲያልፍ፣ በተለይ በክፈፉና በማዕዘኑ በኩል፣ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በተሰበረ መስኮት የገባው ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። 4 ኪሎ የሚመዝነው ቆርቆሮ ከ30 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይሳባል ማለት ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ እንደሚሆን የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ቆርቆሮን በቦታው የሚያቆየው ክብደቱ ሳይሆን ማሰሪያው ነው።

ታዲያ የአሮጌው ቤት ማሰሪያ ምን ይመስላል? ርጥብ ሳለ የተመታ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሚስማሩም ይላላል። እንጨቱን ምስጥ፣ ሚስማሩን ዝገት ይበላዋል። ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል ቀዳዳው ዙሪያውን ይሰነጠቃል። በ1974 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት ዳርዊን የተባለችውን የአውስትራሊያ ከተማ ያፈራረሰው ትሬሲ የተባለ አውሎ ነፋስ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ብዙው ጣራ የሄደው ቆርቆሮው በማያያዣው ዙሪያ ስለ ደከመ ነበር። አገሪቱም ከዚያ ወዲህ የቤት አሠራር ደንቧን አጠበቀች። በእኛው አህጉር ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ኢዳይ የተባለው ማዕበል በሞዛምቢክ በሺህ የሚቆጠሩ መማሪያ ክፍሎችን ጎድቷል።

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የከምባታና የሐዲያ የሣር ቤት ክብ ነው፤ ክዳኑ ሾጣጣና ከባድ ነው፤ ጓሮው በእንሰት ይከበባል፤ እንጨቱም ይታሰራል። ሚስማር ሲስቡት ይነቀላል፤ እስር ግን ሲስቡት ይጠብቃል። እኛ ሣሩን በቆርቆሮ ስንለውጥ ክዳኑን አቀለልነው፤ ማሰሩን ግን ተውነው።

«ይህ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ መምህር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። አዲስ ሕንጻ ማሠራት በርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን እጩ መምህር ነገ የሚመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት መሐንዲስ የለውም። ጣራ የተነሣ ዕለት መጽሐፉ ይበሰብሳል፤ ሁለት ክፍል ተማሪ በአንድ ይታጨቃል ወይም ዛፍ ሥር ይወጣል፤ ያን ሰሞን ቤት የቀረ ልጅ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ መዋጮ ይጠራል። ያው ወላጅ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሚስማር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ምን ይደረግ ቢባል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በጥር ከበልግ በፊትና በግንቦት ከክረምት በፊት፣ ክፈፉና ማዕዘኑ ይፈተሽ። የላላው ሚስማር ይለወጥ። እያንዳንዱ ወራጅ ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር። የተሰበረ መስኮት ይጠገን። ድንጋይ ጣራ ላይ መጫን ይቅር፤ ጣራው ሲነሣ ድንጋዩ የሚወርደው በልጆች ላይ ነውና። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው ተጠግቶ አይተከል፤ ነፋስ የሚሰብር የዛፍ ረድፍ ራቅ ብሎ ይቁም። ነፋሱ ሲመጣም ተማሪዎች ከመስኮት ይራቁ እንጂ ወደ ደጅ አይሩጡ፤ የሚበር ቆርቆሮ እንደ ቢላዋ ነው። ጥገናው የጎልማሳና የአናጢ ሥራ ስለሆነ ተማሪ ጣራ ላይ አይውጣ።

ለተቋማችንም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ከመሰማራታቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከአናጢ ጋር ቆመው ጣራ እንዴት እንደሚታሰር ይመልከቱ። የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት የሚማር ሰው ይህ አይከብደውም። የዶዮገና ገበሬ ተዳፋቱን በእርከንና በደሾ ሣር አስሮ አፈሩን ከጎርፍ አድኗል። አፈሩን ያሰረ ሕዝብ የልጆቹን ጣራ ማሰር አያቅተውም፤ የሚያሳየው መምህር ካገኘ።