ገንዘባችሁ የየት አገር ዜጋ ነው?

አውሮፓ የሚኖር ሐበሻ የኦንላይን ባንክ ሲመርጥ አብዝቶ የሚያወዳድረው የካርዱን መልክ፣ የአፑን ፍጥነትና ወርኃዊ ክፍያውን ነው። «የሊቱዌኒያው ይሻላል ወይስ የጀርመኑ?» የሚለው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ባንኩ ቢወድቅ ገንዘቤን የሚከፍለኝ ማን ነው?

የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳየችን አይስላንድ ናት። ላንድስባንኪ የተባለው ባንኳ እ.አ.አ. በ2006 «አይስሴቭ» የሚል በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ የቁጠባ ሒሳብ ይዞ ብሪታንያ ገባ፤ በ2008 ደግሞ ሆላንድ። ወለዱ ጠቀም ያለ ነበርና በብሪታንያ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ገንዘቡን አስቀመጠ። የአይስላንድ ሕዝብ በሙሉ ቢቆጠር ያኔ ከዚህ እምብዛም አይበልጥም ነበር! በኦክቶበር 2008 ባንኩ ወደቀ። ብሪታንያም ንብረቱን አገደች፤ ያገደችው ደግሞ በፀረ ሽብር ሕጓ ነው፣ ያውም ጦር ሠራዊት የሌላት አገር ባንክ ላይ። የለንደንና የሄግ መንግሥታት ለአስቀማጮቹ ከራሳቸው ካዝና ከፍለው አይስላንድን «ተኪልን» አሏት። አይስላንዳውያን በ2010ም በ2011ም በሕዝበ ውሳኔ እምቢ አሉ። በ2013 የአውሮፓ ነፃ ንግድ ማኅበር (ኢፍታ) ፍርድ ቤት ለአይስላንድ ፈረደ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት አገር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ዩሮ ዋስትና አለው። ሆኖም ከፋዩ ኅብረቱ አይደለም፤ ለባንኩ ፈቃድ የሰጠው አገር የዋስትና ፈንድ ነው። የበርሊኑ ኤን26 የጀርመን ነው፣ የአምስተርዳሙ ቡንክ የሆላንድ፤ ሬቮሉት የባንክ ፈቃዱን ያገኘው ከሊቱዌኒያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአይባኑን (የዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥሩን) የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አይቶ «የጀርመን ነው» ይላል። የሌላ አገር ባንክ ጀርመን ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቶ የጀርመን አይባን ሊሰጥ ይችላል፤ ዋስትናው ግን ከእናት አገሩ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ ጭራሹኑ ባንክ አይደለም፤ ገንዘባችሁን ከራሱ ለይቶ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት እንጂ የ100 ሺሁ ዋስትና አይመለከተውም። ውሉ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ጀርመንን አምልኩ እያልኩም አይደለም። በ2020 የጀርመኑ የክፍያ ኩባንያ የዋየርካርድ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የውኃ ሽታ የሆነው በጀርመን ተቆጣጣሪዎች አፍንጫ ሥር ነው።

የእኔ ምርጫ? ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚንቀሳቀስበት ሒሳብ በምትኖሩበት አገር ይሁን፤ የውጭው ለጉዞና ለትርፍ ገንዘብ ይበቃል። የውጭ አይባን አልቀበልም የሚል አሠሪ በ2012 የወጣውን የኅብረቱን ደንብ ይጥሳል፤ ይሁንና ደመወዙ ዘግይቶበት ኪራይ የሚጠበቅበት ሰው ደንብ እየጠቀሰ ለመሟገት ጊዜው የለውም። «የአገሩ ባንክ አይቀበለኝም» የሚልም አይጠፋም። በ2014ቱ የኅብረቱ መመሪያ መሠረት ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሁሉ፣ ጥገኝነት ጠያቂውም ጭምር፣ መሠረታዊ አካውንት የመክፈት መብት አለው። ጀርመን ውስጥ ከ2016 ወዲህ ይህ አካውንት «ባዚስኮንቶ» ይባላል፤ በዚሁ ስም ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በዩሮ አገሮች ያሉ ባንኮች ገንዘብ ከመተላለፉ በፊት የተቀባዩን ስም ከአይባኑ ጋር ያመሳክራሉ። አንዱ ሰነዳችን ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ የላቲኑ አጻጻፍም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ስለዚህ የትም አገር ክፈቱ፣ የምታስመዘግቡት ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ለአሠሪያችሁም ያንኑ ስጡ።