«ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ ነው» ለሚሉን



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ ወጣት ወንድሞቻችን ስልካቸውን ይዘው መጡ። የፖከር ትምህርት ነው፤ በመጨረሻው ካርታ ላይ ያለህን ሁሉ መቼ እንደምታስይዝ ያስተምራል። «ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ ዕድል አይደለም፣ ሒሳብ ነው» አሉን። መልካም፤ ሒሳቡን አብረን እንየው።

በቴክሳስ ሆልደም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ድብቅ ካርታ ይሰጠዋል፤ አምስት ደግሞ መሐል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። አምስተኛው «ሪቨር» ይባላል። እሱ ከመገለጡ በፊት ባለ አንድ ምልክት አራት ካርታ አግኝቶ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው፣ ካላያቸው 46 ካርታዎች የሚያሟሉለት 9 ናቸው፤ ከአምስት አንዴ ገደማ ይሳካለታል። ሪቨር ከወጣ በኋላ ግን የሚጠበቅ ካርታ የለም። ከዚያ በኋላ የሚሰላው ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ «ኦል ኢን» የሚሉት ለሁለት ነገር ነው። ወይ አንተ በልጠህ ሳለ ደካማ መስለኸው እንዲከፍልህ፣ ወይ ባዶ ሆነህ ሳለ ጠንካራ መስለኸው እንዲሸሽ። መሐል 1,000 ብር ቢኖርና አንተ 1,000 ብታስይዝ፣ እሱ 2,000 ለማግኘት 1,000 ይከፍላል፤ ከሦስት አንዴ ካሸነፈ አይከስርም። አንተ ባዶ ከሆንክ ግን ቢያንስ ከሁለት አንዴ መሸሽ አለበት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አንክድም። ግን የተቆጠረው ምንድን ነው? ወንድምህ ስንት ጊዜ እንደሚታለል ነው!

እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ክሪስ መኒሜከር ሪቨር ላይ ጥንድ እንኳ ሳይኖረው ሁሉንም አስያዘ። ሳሚ ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ እየመራው ነበር፤ አመነውና ካርታውን ጣለ። መኒሜከር በመጨረሻ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ እንደ ጀብዱ ይወራል። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ፤ ወጣቶቻችን የሚያዩት ግን አንዱን ነው።

«ንግድስ ትርፍና ኪሳራ የለውም ወይ?» ይሉናል። አለው። ነገር ግን ገዢ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ሻጭ ዋጋውን ይቀበላል። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ነውሩን ከሥር የደበቀውን ሻጭ ገሥጸዋል። በንግድ ውስጥ ነውርን መደበቅ ወንጀል ነው፤ በመጨረሻው ካርታ ላይ ግን ሙያው ራሱ መደበቅ ነው። ገበታው ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ አይወልድም፤ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ አጫዋቹ ቤትም ድርሻውን ቆርጦ ይወስዳል።

አላህ ሱብሃነሁ ወተዓላ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 እና 91 ቁማርን ከከለከለባቸው ምክንያቶች አንዱ በመካከላችን የሚዘራው ጠላትነት ነው። በወንድሙ መታለል የሚተርፍ ሰው እንዴት ይወደዋል?

ወንድማችን ሆይ፣ ገብተህበት ከሆነ «የከሰርኩትን ላስመልስ» አትበል። ያስመለሰ የመሰለው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል። ዛሬውኑ ተነስ፤ ተውበት አድርግ፤ ዕዳ ካለብህ ሳታፍር ንገረን፤ አብረን መፍትሔ እንፈልጋለን። በሐላል የተገኘ ትንሽ ሪዝቅ በረካ አለው።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን። ኣሚን።