ከሰማይ የሚታየው የባሕር ሥር



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ነው። ዛሬ ስለ ባሕር ሥር ካርታ እንነጋገራለን። ነገሩ ከኑሯችን የራቀ ይመስላል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እንጠይቃለን።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኤላት ይወርዳሉ። ከዳር ቆሞ ለሚያየው ባሕሩ ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ኮራል አለ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እጅግ ትንንሽ እንስሳት ተሰብስበው የሠሩት ቤት ነው። አሸዋው ላይ ደግሞ የባሕር ሣር ይበቅላል፤ ትንንሽ ዓሦች በውስጡ ተሸሽገው ያድጋሉ።

ታዲያ ይህን በካርታ ላይ ማስፈር ለምን አስፈለገ? ባሕር ዳር ወደብ፣ ሆቴል ወይም የፍሳሽ ቱቦ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚዘረጉት ካርታ ነው። በካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ባዶ ይመስላል፤ ባዶ ለሚመስል ቦታ ደግሞ የሚከራከርለት የለም። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኃይለኛ ማዕበል የኤላትን ኮራል ሰባብሯል። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ የጠፋውን ለማወቅ አስቀድሞ የነበረው ተመዝግቦ መገኘት አለበት።

ቀድሞ ይህ ሥራ የጀልባና የጠላቂ ዋናተኞች ብቻ ነበር። አሁን ሳተላይት ይረዳል። ሴንቲኔል 2 ከተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የመጀመሪያው የተላከው በ2015 ነው። በሥዕላቸው ላይ አንዲት ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ታሳያለች፤ ሥዕሉንም ማንም ሰው በነፃ ያገኛል። በ2021 ደግሞ የዓለምን ጥልቀት የሌላቸው የኮራል ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ በሌሎች ሳተላይቶች ሥዕል ተሠርቶ ተጠናቋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ብዙ ቀለማት አሉት። ቀዩ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሜትር ገብቶ ይጠፋል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ግን ውሃው የጠራ ከሆነ ጠልቀው ሥሩን ነክተው ይመለሳሉ። ነጭ አሸዋ ብዙ ብርሃን ይመልሳል፤ ሣርና ኮራል ጥቂት ይመልሳሉ። ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን እየለካ ቦታውን ይለያል።

ይሁን እንጂ ሳተላይት ሁሉን አያይም። ደመና፣ የውሃ ነጸብራቅና ድፍርስ ውሃ ይጋርዱታል። ጠቆር ብሎ የታየው ነገር ሣር ይሁን ኮራል በቀላሉ አይለይም። በኤላት የባሕሩ ሥር ወዲያው ቁልቁል ስለሚወርድ ኮራሉ ጠባብ ነው፤ በአንዲት ነጥብ ውስጥ ኮራልና አሸዋ ይቀላቀላሉ። በጠራ ውሃም ቢሆን ሳተላይቱ ከ30 ሜትር በታች ማየት ይሳነዋል። የኤላት የባሕር ሣር ግን እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ይበቅላል። ስለዚህ ሣር ያለበት ቦታ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ምክንያት ጠላቂው አሁንም ይወርዳል። ካርታው በስንት ቦታ እውነት እንደተናገረ፣ በስንት ቦታ እንደሳተ ይቆጥራል። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበት ካርታ ሲቀርብላችሁ «ወርዶ ያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኛም ሙያ እንዲሁ ነው። ፋይል ብዙ ይናገራል፤ ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጡ ግን ቤተሰቡን አወቅሁ አይባልም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ጂኦግራፊና ኮምፒዩተር ቢወድ «ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» አትበሉት። ካርታ መሥራት ዛሬ ሙያ ነው። በኤላትም ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሠሩበት የባሕር ሳይንስ ተቋም አለ። ለባግሩት የትምህርት ዓይነት ሲመረጥ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋገሩበት። ኤላት ስትወርዱም ልጆች ኮራሉን እንዳይረግጡና እንዳይሰብሩ አስተምሯቸው።

እስከሚቀጥለው እትም ደኅና ሁኑ።