የወል መስክ

ደቡብ ወሎ ቦረና ላይ ሪዞርት ይሠራ የሚል ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልስልኝ፤ ሣሩ የማን ሊሆን ነው?

ሎጅ ተሠርቶ እንግዳ ቢመጣ ደስ ከሚላቸው አንዱ እኔ ነኝ። ወጣቶቻችን ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ተመርቀው ለሥራ ፍለጋ ደሴና አዲስ አበባ ሲበተኑ እያየሁ ልማት ይቅርብን ማለት ነውር ይሆንብኛል። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ሲጀመር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ጣና ዳር ያለው ጎርጎራ ነበር። ምዕራብ ደቡብ ወሎም አንድ ቀን ተራው ይድረሰው እላለሁ። የምፈራው አጥሩን ነው። በአገራችን መዝናኛ ሲታሰብ ከሕንፃው በፊት አጥሩ ይቆማል፤ ከአጥሩ ውስጥ ለምለም ሣር፣ ከአጥሩ ውጭ ከብቱን የያዘ እረኛ።

ለምሳሌ ስፔን ውስጥ ሙርሲያ በሚባለው ደረቅ አካባቢ ላ ማንጋ ክለብ የሚባል የጎልፍ ሪዞርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ አሜሪካዊ ባለሀብት ነው የከፈተው። በ1975 ጎልፈኛው አርኖልድ ፓልመር የስፔን ኦፕን ውድድርን ያሸነፈው እዚያ ሲሆን ዛሬ ሦስት የጎልፍ ሜዳዎች አሉት። አንድ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙ ጊዜ ከ50 ሔክታር በላይ ይወስዳል። በዚያ ፀሐይ ሣሩን አረንጓዴ ለማድረግ የማያቋርጥ ውሃ ያስፈልጋል፤ በዚህም የተነሳ በአካባቢው ብዙ ሜዳዎች የተጣራ ፍሳሽ ይጠጣሉ። አገሩም ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ስፔንን 94 ሚሊዮን ያህል የውጭ እንግዶች ጎብኝተዋታል።

ከላ ማንጋ ብዙም ሳይርቅ ግን ማር ሜኖር የሚባል የጨው ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓሣው ኦክስጅን አጥቶ ዳር ላይ ወድቆ አለቀ። ዋናው ምክንያት ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ስለሆነ ጎልፉን አልከስም። የባህር ዳርቻው ግንባታም የራሱን ጫና አሳርፏል። ሕዝቡ ከ600 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስቦ በ2022 ሐይቁ እንደ ሰው በሕግ መብት ያለው አካል እንዲሆን አስወሰነ። ሁሉም የሚዝናናበት፣ ማንም ግን እንደራሱ ያልጠበቀው ሀብት መጨረሻው እንዲህ ሆነ።

ጎልፍ ራሱ ያደገው በወል መሬት ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ ነዋሪው በባሕር ዳሩ ሣር ላይ የመጫወት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1552 በጽሑፍ ጸንቶለታል። ዝነኛው ኦልድ ኮርስ ዛሬም የሕዝብ ነው። እሁድ እሁድ ጨዋታ ቆሞ ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ይህን ሳነብ የእኛ መስኮች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ገና ሲደርስ ጎረምሳው ቆልማማ በትሩን ይዞ ሩሩን የሚያሳድድበት፣ በዒድ ጠዋት ሶላት የሚሰገድበት፣ በሌላው ቀን ከብት የሚግጥበት አንድ ሜዳ ነው። ያን ሜዳ ለአንድ ባለሀብት ማጠር ከሁሉም መንጠቅ ነው።

ደግሞስ ለእንግዳ የሚታይ ሣር መች አጣን? በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ የሚባለው፣ የጓሳ ሣርና ጅብራ ያለበት ደጋ ነው። ጭላዳ መንጋውን ይዞ ሲግጥ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ። ሣሩን ማንም ውሃ አያጠጣውም፣ ማንም አይከረክመውም። ገንዘብ ከፍሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ይህን ማየት ይፈልጋል፤ የተከረከመ ሣርማ በአገሩ ሞልቶለታል።

እንዴት ይጠበቅ ለሚለው መንዝን ማየት ይበቃል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ጠብቋል፤ መሪ መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ለክዳንና ለገመድ በጋራ አጭዷል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ፤ ኅብረተሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ነው ያዳነው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚውም በቅሎ አከራዩም ከዚያው ሰው ነው።

አሁን ክልላችን በጦርነት ውስጥ ስላለ ቱሪስት እንደልብ አይመጣም። ሰላም ሲመለስ ግን ባለሀብት ፕላን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የወረዳው ምክር ቤትና የአገር ሽማግሌዎች ከወዲሁ ሁለት ነገር በጽሑፍ ያስቀምጡ እላለሁ፦ የገናና የዒድ ሜዳዎች ለማንም በሊዝ እንዳይሰጡ፤ ሎጁም ከፓርኩ ውጭ፣ በዳር ቀበሌዎች ማኅበር ስም እንዲሠራ።