ፊልም መገልበጥና ፊልም መልሶ መሥራት ይለያያሉ

በዚህ ሰሞን እዚህ ሶዶ ብዙዎቻችን በአማርኛ ትርጉም ያየነው «ድሪሽያም» የተባለ የሕንድ ፊልም በየመኝታ ክፍላችን ክርክር አስነሥቷል። «ይህ ከሌላ ፊልም የተወሰደ ነው፤ የሰው ሥራ መልሶ መሥራት ሌብነት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፊልሙን በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 በማላያላም ቋንቋ የሠራው ጂቱ ጆሴፍ ነው። እኛ ያየነው አጄይ ዴቭጋን የሚተውንበት የ2015ቱ የሂንዲ ፊልም ነው። ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ ፊልም ወዳድ የሆነ አባት አለ። ሴት ልጁን ያስፈራራት የፖሊስ ሹም ልጅ በግቢያቸው ሲሞት፣ አባትየው ቤተሰቡን ለማዳን «በዚያ ቀን ከተማ አልነበርንም» የሚያሰኝ ማስረጃ ያዘጋጃል። በማላያላሙ ቤተሰቡ ክርስቲያን ነውና ሄድን የሚሉት ወደ ክርስቲያን ጉባኤ ነው፤ በሂንዲው ግን የአንድ ስዋሚ ስብከት ለመስማት ነው። ቻይናውያን በ2019 ሲሠሩት ደግሞ ታሪኩን ታይላንድ ወስደው፣ ሕንዳዊው ምስጢሩን ደብቆ ሲወጣ የነርሱን አባት በመጨረሻ እጁን አሰጡት። እንግዲህ መልሶ መሥራት ማለት ያገርን ልማድና ያገርን ፍርድ አስገብቶ እንደገና ማሰብ ነው።

ይኸው ታሪክ በሶዶ ቢሠራስ? ነገሩ በጊፋታ ሰሞን ቢደርስና አባትየው «አረካ ነበርን» ቢል ማን ያምነዋል? ለጊፋታ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ የርሱ የሥጋ መደብ ሳይነሣ ቢቀር መንደሩ ሁሉ ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ከፖሊስ ይልቅ የሚያስፈራው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ደራሲው የሕንዱን ዘዴ ትቶ ሌላ መፍጠር ግድ ይሆንበታል። ቋንቋውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ተመልካቹ የሂንዲን ታሪክ በአማርኛ ከሚሰማ፣ አባት ልጆቹን በወላይትኛ «ዝም በሉ» ሲል ቢሰማ ፍርሃቱ ገዛ ቤቱ ድረስ ይገባል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። የባለቤቱን ስም ሰውሮ «የኔ ፈጠራ ነው» ማለት ነውር ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም መተርጎምንና ማዛመድን ከሥራው አመንጪ መብቶች ይቆጥራቸዋል።

ስለዚህ ቴአትር የምትወዱ ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን፣ ከዚህ ዓይነት ታሪክ አንድ አጭር ተውኔት በወላይትኛ እንሞክር። ባለቤቱን እናስፈቅድ፣ ስሙንም እንጥቀስ፤ ከዚያ በኋላ የራሳችንን ጎረቤት እናስገባበት።