የጥድ ዕድሜና የተባይ ፍጥነት

በነገሌ ቦረና አቅራቢያ በጥዱ ደን ውስጥ ያለፈ ሰው መዓዛውን አይረሳም። የቤታችን ምሰሶና የአጥራችን ቋሚ፥ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት፥ ከጥድ የተቈረጠ ነው። ነገር ግን ምስጥ ደረቁን ባይደፍር፥ ርጥቡን የሚደፍር ሌላ ተባይ አለ፤ ይኸውም ከስንዴ ቅንጣት የሚያንስ፥ ቅርንጫፉን እየመጠጠ የሚያደርቅ ክሽክሽ ነው። የፈረንጅ ጥድንም የሐበሻ ጥድንም አይምርም። በ1986 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በማላዊ ታየ፤ በ1990 ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ወደ አገራችን ገባ።

ክሽክሽ በጥቂት ሳምንት ትውልድ ይተካል፤ ጥድ ግን ለምሰሶ እስኪደርስ የተከለው ሰው ያረጃል። የአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቱን አብሮ ለመመልከት ስለማይበቃ፥ ሊቃውንት በኮምፒዩተር ውስጥ የአኃዝ ደን መትከል ጀመሩ። በ1972 በአሜሪካ ቦትኪን፥ ጃናክና ዋሊስ ባወጡት ስሌት እያንዳንዱ ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፥ ጎረቤቱን በጥላው ይጫናል፥ ይሞታልም፤ የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ በአጭር ጊዜ ይታያል።

እኛን ይልቁን ያስደነቀን የካናዳው ነገር ነው። በኒው ብራንስዊክ ደን ቅጠል በሊታ ትል በየጊዜው እየተነሣ ስላስቸገረ፥ ከ1952 ጀምሮ በአውሮፕላን መድኃኒት ተረጨ፤ ዛፉም ዳነ። ሆሊንግ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ በኮምፒዩተር ሲመረምሩት ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ደኑ ለጋ ሳለ ወፎች ትሉን እየለቀሙ ይገቱታል፤ ቅጠሉ ሲበዛ ትሉ ከዓይናቸው ይሰወራል። መድኃኒቱም ቅጠሉን ስላተረፈ፥ ለትሉ ማዕዱን አቈየለት፤ ወረርሽኙም ሳያቋርጥ ቀጠለ።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የተነገረውን ብቻ የሚመሰክር ምስክር ነው። በካናዳ ትል የተሠራው ስሌት በክሽክሽ ላይ አይፈርድም፤ የዚህ ጠላቱ ሌላ ነው፤ በ1990ዎቹ ወደ ማላዊ የተወሰደችው ክሽክሹን የምትገድል ትንሽ ተርብ ናት። ለጥዳችን ስሌት የሚሆነው ቃል ከዚሁ ከስፍራው መነገር አለበት፤ የግንዱ ውፍረት በየዓመቱ ስንት ጨመረ? ጫፉ በየትኛው ወር ደረቀ? ይህን ለመጻፍ ገመድና ደብተር ይበቃል፤ ልጆችም ሥራውን ይወዱታል።

በደጃችን ያሉት ሦስቱ ጥዶች ልኬታቸው በልጃችን ደብተር ሰፍሮአል። የአንደኛው ጫፍ ዘንድሮ ቡናማ ሆኖአል።