መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፈ ምክር

ዘንድሮ ለገና አረርቲ እህቴ ቤት ነበርኩ። ወሬው ከምንጃር ጤፍ ዋጋ ተነስቶ ወደ መንገዱ እየዞረ ሳለ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ መጣችና "ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ኮምፒውተር ይዩልኝ፣ በንዴት ሊገድለኝ ነው" አለችኝ። ተነስቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። አቦል ሲቀዳ የተነሳው ኮምፒውተር ቶና ሲቀዳ ነው ማውሱ እሺ ያለው።

ከአዲስ አበባ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ልጅቱ ለፈተና የምትለማመድበት እሱን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ ነገሩ የቅንጦት አይደለም። አባቷ ደግሞ መምህር ናቸው፤ የዓመታት የፈተና ጥያቄ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የማስተማሪያ ማስታወሻ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። "ሌላ ቦታ ቅጂ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ። የለም።

ከእኔ በፊት ሁለት ምክር ደርሷቸዋል። አንዱ የኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ምክር ነው፤ እሱን ታውቁታላችሁ፦ "ፎርማት ይደረግ።" ሁለተኛው ልጅቱ ራሷ ከቪዲዮ ያገኘችው ነው፤ የሃርድ ዲስኩን ሴቲንግ ገብተህ ይሄን አብራ፣ ያንን አጥፋ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚል። ግማሹን አድርጋዋለች። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለነዚህ ሁለት ምክሮች ነው፤ ሁለቱም በየቤታችን ጉዳት እያደረሱ ነው ብዬ ስለማምን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። ሃርድ ዲስክ ማለት የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ ወዲያ ወዲህ የምትል ክንድ ነው። የተለመደው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፣ የላፕቶፑ ብዙውን ጊዜ 5,400። ብዙ ይመስላል፤ ግን አንድ ዙር ከ8 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ክንዷም ቦታዋን እስክታገኝ ሌላ ጊዜ አለ። ስለዚህ ከተበታተነ ቦታ አንብብ ሲባል በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማንበብ ይከብደዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከአንድ ጎተራ አምጣ ቢሉት ፈጣን ነው፤ ከመቶ ቤት እፍኝ እፍኝ ለቅመህ አምጣ ሲሉት ግን ቀኑ ይመሻል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያዘው ደግሞ ሁለተኛውን ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ዲስክ የሚለው ዓምድ 100 ላይ ተጣብቆ ፕሮሰሰሩ 10 ላይ ከተቀመጠ፣ ችግሩ ያለው የትኛው ጋ እንደሆነ አያችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። በዲስኩ ንብረቶች ውስጥ፣ ፖሊሲ በሚለው ገጽ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። የመጀመሪያው የመጻፊያ ካሽ የሚባለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ የበራ ነው፣ ይቆይ። ቪዲዮው ምልክት አድርጉበት የሚለው ሁለተኛውን ነው። ሁለተኛው ሳጥን ምን ያደርጋል? እናንተ "ሴቭ" ስትሉ ጽሑፉ ሳህኑ ላይ ከመስፈሩ በፊት ለጥቂት ጊዜ ዲስኩ ላይ ባለች ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል። ዊንዶውስ በየመሃሉ "ያለህን አሁን ሳህኑ ላይ አስፍር" ብሎ ያዘዋል። ሳጥኑ ሲመረጥ ይህ ትእዛዝ ይቀራል። ዲስኩ ፋታ ያገኛል፣ ትንሽ ይፈጥናል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ ግን የሚጠፋው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ዲስኩ የራሱ የኃይል ምንጭ ከሌለው ይህን አትምረጡ የሚል ማስጠንቀቂያ እዚያው ከሳጥኑ ሥር ተጽፏል።

ምክሩን የሰጠው ሰውዬ ውሸታም አይደለም። መብራት በማይጠፋበት አገር፣ ዩፒኤስ ከጠረጴዛው ሥር ባለበት ክፍል ተቀምጦ ነው የተናገረው። እኛ ግን ሻማና ፋኖስ የት እንዳለ በጨለማ የምናውቅ ሰዎች ነን። አረርቲ ላይ፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ፣ የአንድ መምህር የዓመታት ሥራ ያለበት ዲስክ ላይ ያ ሳጥን መመረጥ የለበትም። አጠፋሁት።

ባዮስ ገብታችሁ የዲስኩን ሞድ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ለውጡ የሚልም አለ። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ እንዲሁ ከቀየራችሁት ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ከዚያ መፍትሔው ምን ይባላል? ፎርማት።

የሚጠቅም ሴቲንግ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ማጥፋት ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱን ማንሳት፣ ዲስኩ ጢም እንዳይል ቦታ ማስለቀቅ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ የሚያዘውን ማስቀረት። ዲፍራግ ለሚሽከረከረው ዲስክ ይጠቅማል፤ ዊንዶውስ በየሳምንቱ በራሱ ያደርገዋል፣ ግን ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት መብራት ካለው ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ እፎይታ ይሰጣል። ተአምር ግን አትጠብቁ፤ የሳህኑን ዙር የሚያፈጥን ሴቲንግ የለም።

ፎርማትስ ለምን የሚሠራ ይመስላል? አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ሸክም የለበትም፤ ፋይሎቹም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍሩት በሳህኑ ውጫዊ ክበብ፣ ንባቡ በሚፈጥንበት በኩል ነው። ሁለት ወር ይፈጥናል። ደንበኛው መርቆ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ይመጣል። ጠጋኞቹን ልወቅስ አልፈልግም፣ እንጀራ ነው። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ፦ ከፎርማት በፊት የዲስኩን ጤና እዩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእህቴን ቤት ዲስክ ስመረምረው ቢጫ ምልክት አሳየኝ፤ የተበላሹ ቦታዎች አሉት፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ነው የሚዘገየው። ይህን ዲስክ ፎርማት ማድረግ የሚፈርስ ቤት ቀለም መቀባት ነው፤ ለዚያውም ዕቃው ሳይወጣ።

ትክክለኛው መፍትሔ ኤስኤስዲ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ርካሹ እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ንባብ ይችላል። በዚያው ገመድ፣ በዚያው ቦታ ይገባል፤ 256 ጊጋባይት ለዊንዶውስና ለቤት ሥራ ይበቃል። የአሥር ዓመት ኮምፒውተር ላይ ቢገጠም ለውጡን ልጅም ያየዋል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ እናንተ ጋ ሳይደርስ ያረጃል። ግን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም።

ነገሩን ከአንድ ቤት ወጣ አድርጌ የማየውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ሐምሌ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ተጀመረ፤ እሰየው። ሠልጣኙ የሚቀመጠው ግን ምን ላይ ነው? ማይክሮሶፍት ባለፈው ጥቅምት 4 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነጻ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። ባለቤቶቻቸው የጣሏቸው ኮምፒውተሮች ወደ እኛ መምጣታቸው አይቀርም፣ ብዙዎቹም ያረጀ ሃርድ ዲስካቸውን ይዘው። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲለገስ ቁጥሩ ይነበባል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። "ውስጡ ያለው ዲስክ ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ሠርቷል?" ብሎ የሚጠይቅ ርእሰ መምህር ወይም የወላጅ ኮሚቴ ቢገኝ፣ ለጋሹ ከ40 ኮምፒውተር 30 አምጥቶ በተረፈው ገንዘብ ኤስኤስዲ ቢገጥምላቸው፣ እኔ 30ውን እመርጣለሁ። አርባው ውስጥ ተማሪው ከክፍለ ጊዜው ሩቡን የሚያሳልፈው ስክሪን ሲሽከረከር እያየ ነው።

እዚያ ቤት የሆነውን ልጨርስ። ኤስኤስዲውን ከአዲስ አበባ ልልክላቸው ተስማማን፤ እስከዚያው የመምህሩን ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ዲስኩ የታመመ ነውና እየተንፏቀቀ ነበር። በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ተነሳ፣ ግልበጣው ገና ነው። ሰማንያ ከመቶ አካባቢ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መምህሩ ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። መብራቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፣ የቀረውን አቃፊ በአቃፊ እየለየን ገለበጥን።